ስፒናው ከተነቀለ በኋላ፦ ማይተር ሶን ስለመትከልና ልኩን ስለማስተካከል

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተለማማጄ ከደብረ ብርሃን ደወለልኝ። የራሱን ሥራ ጀምሯል። አዲስ ማይተር ሶ (ጣውላን በተፈለገው ማዕዘን የሚቆርጥ ባለ ዲስክ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ገዝቶ፣ ከካርቶኑ አውጥቶ፣ መጀመሪያ የቆረጠበት የሥዕል ፍሬም ነው።

«ጋሼ፣ ሦስቱ ማዕዘን ግጥም ብሏል፤ አራተኛው ግን እርሳስ ሊያስገባ ምንም አልቀረው።»

«ስንት ላይ አድርገህ ቆረጥከው?»

«45 ላይ። ቀጭ ብሎ ገብቷል።»

«በማን 45?»

ዝም አለ። «ቀጭ» ማለቱ ገበታው (እንጨቱ የሚቀመጥበት፣ የሚዞረው የማሽኑ ክፍል) ፋብሪካ የቆፈረለት ጎድጎድ ውስጥ መግባቱን ብቻ ነው የሚነግረን። እንጨቱ የሚደገፍበት ብረት ከዲስኩ ጋር ስንት ዲግሪ እንደሆነ ጎድጎዱ አያውቅም። ልጁ ደግሞ ጣውላው ጠፍጣፋ ስለነበር እየገለበጠ ስምንቱንም ጫፍ በአንድ በኩል ነው የቆረጠው። አራት ማዕዘን ማለት ስምንት ቆረጣ ነው። እያንዳንዱ በግማሽ ዲግሪ ቢስት፣ ስምንት ጊዜ ግማሽ አራት ዲግሪ ይመጣል። ሦስቱን ማዕዘን በኮላና በሞርሳ አስገድዶ ሲዘጋቸው፣ አራቱም ዲግሪ ተጠራቅሞ መጨረሻው ላይ ይወጣል። ስፋቱ 6 ሳንቲም በሆነ ፍሬም ይህ ወደ 6 ሚሊሜትር ክፍተት ነው።

ማስተካከያውን በስልክ ላስረዳው ስሞክር ካርዱ አለቀ። ስለዚህ ለእሱም ለሌላውም እንዲሆን እዚህ ልጻፈው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ብዙ ሰው ማሽን ማስተካከልን የጥራት ጉዳይ፣ ጥንቃቄን ደግሞ የመነጽር ጉዳይ አድርጎ ለየብቻ ያያቸዋል። እኔ ሁለቱን መለየት ያቆምኩት በ2003 ዓ.ም. ነው። ያኔ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የምንሠራበት ማሽን የታችኛው ሽፋን «ያዘገያል» ተብሎ በሽቦ ወደ ላይ ታስሯል። ግራና ቀኝ ያለው መደገፊያ ደግሞ አንዱ ከሌላው ወደ 3 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ገባ ብሏል፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አልነካውም። ለበር ጥግ የምትሆን 7 ሳንቲም የዞኮሎ (የግድግዳ ግርጌ ጣውላ) ቁራጭ ፈለግሁና በግራ እጄ ይዤ የማሽኑን ጭንቅላት (ሞተሩና ዲስኩ ያሉበትን) አወረድኩ። ዲስኩ እንጨቱን ሲነካው ከኋላው ባዶ ስለነበር እንጨቱ ዞረ፤ ሲዞር እጄን ይዞት ገባ። የግራ አውራ ጣቴ ጫፍ ሄደ። ዛሬም የሸሚዝ አዝራር የምቆልፈው በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ነው። ጣቴን የበላው ዲስኩ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ያቺ 3 ሚሊሜትር ናት ብዬ ነው የምይዘው።

ኤሌክትሪኩ

ማሽኑ ላይ የተለጠፈችውን ሳህን አንብቡ። እኔ ጋ ያለው ማኪታ ኤልኤስ1040 ነው፦ 220 ቮልት፣ 1,650 ዋት፣ ባዶውን በደቂቃ 4,600 ዙር፣ 255 ሚሊሜትር ዲስክ። 1,650ን ለ220 ስታካፍሉት 7.5 አምፒር ይመጣል፤ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ በጣም ይበልጣል። ስለዚህ ሞባይል ቻርጅ በሚደረግበት ቀጭን ማከፋፈያ ላይ አይሰካም። 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ ያለው ማራዘሚያ ያዙ፤ ስትጠቀሙበትም ከጥቅልሉ ሙሉ በሙሉ ዘርጉት። ተጠቅልሎ የቀረው ገመድ ሙቀቱን የሚያወጣበት ስለሌለው ላስቲኩ ይቀልጣል።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ማሽን ካላችሁ ሳህኑ ላይ 120 ቮልት የሚል ታገኛላችሁ። አንድ ደንበኛዬ ወንድሙ ከቨርጂኒያ በሻንጣ ያመጣለትን አዲስ ማሽን የስፒናውን እግር ብቻ ቀይሮ ግድግዳው ላይ ሰካው። ዲስኩ ከወትሮው በላይ ጮኸ፣ ከዚያ ጭሱ ወጣ፤ በቃ። ካርቦን ያለው ሞተር በ50 እና በ60 ኸርዝ መካከል ባለው ልዩነት አይጨነቅም፤ የሚገድለው ቮልቴጁ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ወደ 1,800 ዋት ሊስብ ስለሚችል ትራንስፎርመሩ 3,000 ዋት ቢሆን ይሻላል። የትራንስፎርመሩን ዋጋ ስትደምሩ ስጦታው ስጦታ መሆኑ ያጠራጥራል። ከዱባይ የመጣው በቮልት በኩል ችግር የለበትም፤ ባለ ሦስት እግር ስፒናውን ግን በርካሽ መቀየሪያ አታግባቡት፣ ቆርጣችሁ ደህና ስፒና ግጠሙለት። ልል መቀየሪያ ይሞቃል፣ ይጠቁራል።

መብራት ሲሄድ የሁላችንም ልማድ እጅ አጣጥፎ መጠበቅ ነው። አይሆንም። ቃታውን ልቀቁ፣ ስፒናውን ንቀሉ፣ ከዚያ ሻይ ጠጡ። ቆረጣው መሃል ላይ ቆሞ ጣታችሁ ቃታው ላይ እንዳለ መብራት ቢመጣ፣ ዲስኩ እንጨት ውስጥ እንደተቀረቀረ ነው የሚነሳው። ቃታውን በፕላስተር ወይም በላስቲክ ያሰረ ሰው ካያችሁ ደግሞ ከአጠገቡ ራቁ። ሌላም አለ፦ አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ የማሽኑ ድምፅ ይወፍራል። ያ ኃይል መቀነሱ ነው፤ ዲስኩ ዙሩ ወርዶ እንጨት ውስጥ መያዝ ይጀምራል። እኔ በዚያ ሰዓት ወፍራም ጣውላ አልቆርጥም፤ ካርታ ቬትራ አንስቼ መፈግፈግ ውስጥ እገባለሁ።

የሚቆምበት

ማሽኑ እግሮቹ ላይ አራት ቀዳዳ አለው። የተሠራው በብሎን እንዲታሰር ነው፤ ብዙ ቤት ግን እንዲሁ መሬት ላይ ተቀምጦ ሠራተኛው ቁጢጥ ብሎ ይቆርጥበታል። ቁጢጥ ያለ ሰው የማሽኑን ጭንቅላት ሲያወርድ ፊቱ ከዲስኩ ጋር እኩል ይሆናል፣ ቢደነግጥም የሚሸሽበት እግር የለውም። የማሽኑ ገበታ ከቀበቷችሁ ጋር እኩል የሚሆንበት ጠረጴዛ ሥሩ። በአራቱም ብሎን እሰሩት፤ ከሥር ሮንዴላ አትርሱ። ከዚያ በሁለት እጅ ይዛችሁ ግፉት። ጠረጴዛው ከተወዛወዘ ብሎኑ ምንም አልሠራም፤ እግሮቹን በሰያፍ እንጨት አጠናክሩ።

ግራና ቀኝ ረጅም ጣውላ የሚያርፍበት ክንፍ ያስፈልጋል፤ ቁመቱ ከማሽኑ ገበታ ጋር አንድ መሆን አለበት። 2 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ የአልሙኒየም ፕሮፋይል ከክንፍ እስከ ክንፍ በገበታው ላይ ጋድሙና ከሥሩ ብርሃን እዩ። ክንፉ ዝቅ ካለ የጣውላው ጫፍ ይወርዳል፣ ሲወርድ ጣውላው ዲስኩ አጠገብ ከገበታው ይነሳና ዲስኩን ሊነክሰው ይችላል። ከፍ ካለ ደግሞ ጣውላው ገበታው ላይ አይቀመጥም። ኮምፔንሳቶ ስስ ቁራጭ እየጨመራችሁ አመጣጥኑት።

ተንሸራታች ዓይነት ከሆነ ከኋላው ሐዲዱ የሚሄድበት ቦታ ይተዉለት፤ ግድግዳ ላይ ያስጠጉት ሰዎች ሰፊ ጣውላ ሲመጣ ማሽኑን ሲጎትቱ ይውላሉ።

ዲስኩ

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ስፒናው ተነቅሎ ነው። ማብሪያው ስለጠፋ ብቻ አትመኑ። እኔ የተነቀለውን ስፒና አምጥቼ ገበታው ላይ፣ ዓይኔ ሥር አስቀምጠዋለሁ፤ ሌላ ሰው «ጠፍቶ ነው» ብሎ እንዳይሰካው።

የዲስኩ ብሎን በአብዛኛው ማሽን በግራ ጥርስ የተሠራ ነው፦ ወደ ሰዓት ዙር ሲዞር ይፈታል፣ በተቃራኒው ይጠብቃል። ይህን ያላወቀ ሰው እየፈታሁ ነው ብሎ እያጠበቀ የብሎኑን ራስ ያላሽቀዋል። የዘንግ መያዣዋን ቁልፍ ተጭናችሁ፣ ዲስኩን በቀስታ አዙሩ፤ ጠቅ ብላ ስትይዝ ባለ ስድስት ጎኑን ጠማማ ቁልፍ አስገቡ። ዲስኩን በሁለት በኩል የያዙትን የውጪውንና የውስጡን ሳህን አውጥታችሁ ጥረጉ። አንዲት የሰጋቱራ ቅንጣት ከሳህኑ ሥር ብትቀር ዲስኩ ይንጋደዳል።

ዲስኩ ላይ ቀስት አለ፣ ሽፋኑም ላይ ቀስት አለ፤ ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ማየት አለባቸው። ከፊት ለፊታችሁ ስታዩት ጥርሶቹ ወደ ታች ይነክሳሉ፣ እንጨቱንም ወደ ገበታውና ወደ መደገፊያው ይገፉታል። ተገልብጦ ከተገጠመ እንጨቱን ወደ እናንተ ያነሳዋል።

ቀዳዳውን ለኩ። ገበያው ላይ የ25.4 እና የ30 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያላቸው ዲስኮች ተደባልቀው ይሸጣሉ፤ የአሜሪካኖቹ ባለ 10 ኢንች ዲስክ ደግሞ 15.88 ነው። 30ውን ዲስክ በ25.4 ዘንግ ላይ ለመግጠም ትክክለኛ የብረት ቀለበት አለ። ፕላስተር ጠምጥሞ የሚያስገባ ሰው አይቻለሁ፤ 4,600 ዙር ላይ መሃሉን የሳተ ዲስክ ማሰብ አልወድም። ዲስኩ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ዙርም ከማሽኑ ዙር መብለጥ አለበት።

ጥርስን በተመለከተ፦ ለሸካራ ሥራ 40፣ ለፍሬም፣ ለዞኮሎና ለኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የተሠራ ሰሌዳ) 60 ወይም 80 ጥርስ። ከጥርሱ ቁጥር ይልቅ ሰው የማያየው የጥርሱን ዘመም ማለት ነው። ለጠረጴዛ መጋዝ የተሠራ ዲስክ ጥርሱ ወደ ፊት 15 እና 20 ዲግሪ ያዘነበለ ስለሆነ ማይተር ሶ ላይ ሲገጠም ጭንቅላቱን ወደ እንጨቱ ይስበዋል፤ እጃችሁ ሳትገፋ ይወርዳል። ለዚህ ማሽን የሚሆነው ቀጥ ያለ ወይም ትንሽ ወደ ኋላ የተኛ ጥርስ ነው። ለአልሙኒየም ደግሞ ወደ ኋላ የተኛው ግዴታ ነው።

አንድ ነገር በቁጣ ልናገር። የብረት መቁረጫው ማሽን፣ ያ 355 ሚሊሜትር የድንጋይ ዲስክ የሚገጠምለት፣ መልኩ ከእኛው ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ባለ ጥርስ የእንጨት ዲስክ ገዝተው ብረት መቁረጫው ላይ የሚገጥሙ አሉ፤ የድንጋይ ዲስክ የእንጨቱ ማሽን ላይ የሚገጥሙም አሉ። የመጀመሪያው ሽፋኑ ለጥርስ አልተሠራም። ሁለተኛው ደግሞ ፍንጣሪውን ሰጋቱራ የሞላበት ከረጢት ውስጥ ይተኩሰዋል፤ ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

ዲስኩ ከታሰረ በኋላ እርሳስ ከገበታው ላይ ደግፋችሁ ጫፉን ከዲስኩ ጠርዝ አጠገብ፣ ከጥርሱ በታች ያለውን ሜዳ ልትነካ ስትል አቁሙትና ዲስኩን በእጅ አንድ ዙር አዙሩት። አንዴ የሚነካ አንዴ የሚርቅ ከሆነ ወይ ሳህኑ ቆሽሿል ወይ ዲስኩ ጠሟል። ዲስኩን ይዛችሁ ወዲህ ወዲያ ስትሉት ዘንጉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ኩሽኔቱ (ዘንጉ የሚዞርበት) አልቋል፤ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ብትሠሩ ልፋት ነው፣ መጀመሪያ ኩሽኔቱን ቀይሩ።

ሽፋኑንም አሁን ፈትሹ። ጭንቅላቱ ሲወርድ ይከፈታል፣ ሲነሳ በራሱ ስፕሪንግ ተመልሶ ዲስኩን ይሸፍናል። ግማሽ መንገድ ላይ ከቀረ ብዙ ጊዜ ሙጫና ሰጋቱራ ነው፤ በብሩሽ ይጸዳል። በሽቦ ማሰር መፍትሔ አይደለም። ሽቦውን ያሰረው ሰውዬ እኔ ስታከም እንኳ አልፈታውም ነበር።

ልኩን ማምጣት

መጀመሪያ ስኳድራችሁን (የ90 ዲግሪ መለኪያውን) ጠርጥሩት። አንዴ ከጠረጴዛ የወደቀ ስኳድራ ስኳድራ መሆኑ ያበቃል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ኤምዲኤፍ ላይ አስደግፉት፣ በሹል እርሳስ መስመር አስምሩ፤ ገልብጡትና ከዚያው ነጥብ ሌላ መስመር አስምሩ። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ከሄዱ ደህና ነው። ወደ ላይ እየራቁ ከሄዱ የምታዩት ርቀት የስህተቱ እጥፍ ነው፤ ሌላ ስኳድራ ፈልጉ።

ቀጥሎ መደገፊያው። አሁን የአልሙኒየሙን ፕሮፋይል ከግራው እስከ ቀኙ መደገፊያ አስደግፉ። በየትም በኩል ብርሃን ካለፈ ሁለቱ አንድ መስመር ላይ አይደሉም። ያቺ የእኔ 3 ሚሊሜትር የምትገኘው እዚህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ። መደገፊያው አንድ ወጥ ብረት ሆኖ ከተጣመመ ለማቃናት አትድከሙ፤ ቀጥ ያለ ኤምዲኤፍ ከፊቱ በቪስ እሰሩና እሱን መደገፊያ አድርጉት። ቪሶቹ ዲስኩ ከሚያልፍበት ይራቁ፣ ጭንቅላቱ ሲዘነብል የሚያልፍበትንም አስቡ።

አሁን ዲስኩና መደገፊያው። ገበታውን ዜሮ ላይ አድርጉ፣ አጥብቁት። ጭንቅላቱን አውርዳችሁ በመያዣዋ ሚስማር ቆልፉት። ሽፋኑን በእጅ ገለጥ አድርጉና ስኳድራውን አንዱን ክንድ መደገፊያው ላይ፣ ሌላውን የዲስኩ ሜዳ ላይ አስጠጉ። እዚህ ላይ ሁሉም የሚሳሳተው አንድ ነገር ነው፦ የስኳድራው ክንድ የጥርስ ጫፍ ላይ ያርፋል። ጥርሱ ከሜዳው ወጣ ያለ ስለሆነ የምትለኩት ውሸት ይሆናል። በሁለት ጥርስ መካከል እንዲገባ ዲስኩን በእጅ ትንሽ አዙሩት። ከዚያ ከኋላ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ እዩ፤ ብርሃን ከፊት ወይም ከኋላ ካለፈ አልተገናኘም።

አብዛኛው ማሽን መደገፊያውን የሚይዙ አራት ብሎኖች አሉት። አውልቃችሁ ሳይሆን ላላ አድርጋችሁ፣ መደገፊያውን በመዶሻ እንጨት እጀታ ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ እያደረጋችሁ ከስኳድራው ጋር አገናኙት። ከዚያ አንዱን አጥብቁ፣ እዩ፤ በሰያፍ ያለውን አጥብቁ፣ እንደገና እዩ። ብሎን ሲጠብቅ መደገፊያውን ይዞት የመሄድ ጠባይ አለው። በአንዳንድ ማሽን ደግሞ የሚንቀሳቀሰው ዲግሪ የተጻፈበት ሳህን ነው፤ የሱን ብሎኖች አላልታችሁ ገበታውን ከነሳህኑ ታዞራላችሁ። ነገሩ ያው ነው።

ቀጥሎ የዲስኩ መቆም። ስኳድራውን ገበታው ላይ አቁማችሁ ከዲስኩ ሜዳ ጋር አስጠጉ፤ አሁንም በጥርስ መካከል። ከላይ ወይም ከታች ብርሃን ካለ፣ ከኋላ የጭንቅላቱን ማዘንበያ ላላ አድርጉና የዜሮ ማቆሚያዋን ብሎን ፈልጉ። ትንሽ ናት፣ ከዳዶ ጋር ነው የምትመጣው። ዳዶዋን ለቀቅ፣ ብሎኗን ሩብ ዙር፣ ጭንቅላቱን መልሳችሁ አስደግፉ፣ ተመልከቱ። ሲገናኝ ብሎኗን በቁልፍ ይዛችሁ ዳዶዋን አጥብቁ፤ ካልያዛችኋት አብራ ትዞራለች። የ45 ማቆሚያም ሌላዋ ናት፣ በዚሁ መንገድ።

ስኳድራ ግን መነሻ ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ዳኛው ቁራጭ እንጨት ነው። ሁለቱ ጠርዞቹ ትይዩ የሆኑ 12 ሳንቲም ስፋት ያለው ኤምዲኤፍ አምጡ። ስፒናውን ሰኩ፣ መሃሉን ቁረጡ፣ መልሳችሁ ንቀሉ። አሁን ግራውን ቁራጭ እንዳለ ተዉትና ቀኙን ሆዱን ወደ ላይ ገልብጡት። ሁለቱንም መደገፊያው ላይ አስደግፋችሁ የተቆረጠውን ፊት ከፊት ጋር ግጠሙ። ስህተቱ እጥፍ ሆኖ ይታያል፦ ግማሽ ዲግሪ ብትስቱ በ12 ሳንቲም ላይ 2 ሚሊሜትር የሚያህል ክፍተት ታያላችሁ። ስኳድራ ላይ ያልታየው እዚህ ይጮኻል። ከላይ የምታዩት ክፍተት የመደገፊያው ስህተት ነው፤ ጎንበስ ብላችሁ በጠርዙ በኩል ስታዩ ከላይ ወይም ከታች የተከፈተው ደግሞ የዲስኩ መዘንበል ነው። በአንድ ቆረጣ ሁለት ምርመራ። አስተካክሉ፣ ሌላ ቁረጡ፣ ገልብጡ። እኔ አራትና አምስት ጊዜ እደጋግመዋለሁ፤ ፀጉር የማያስገባ ሲሆን አቆማለሁ።

ዜሮው ሲገኝ 45ቱ በአብዛኛው አብሮ ይመጣል፣ ግን አትመኑት። ሁለት ቁራጭ 45 ላይ ቆርጣችሁ ግጠሙና ስኳድራውን በውስጥ በኩል አስገቡ። አንዱን በግራ 45፣ ሌላውን በቀኝ 45 ከቆረጣችሁት ደግሞ ፈተናው ሊያታልላችሁ ይችላል፦ መደገፊያው ግማሽ ዲግሪ ቢጣመም አንዱ 45.5፣ ሌላው 44.5 ይሆንና ሲደመሩ 90 ይሞላሉ። ማዕዘኑ ግጥም ይላል። ግን 6 ሳንቲም ስፋት ባለው ፍሬም የአንዱ ሰያፍ ከሌላው 1.5 ሚሊሜትር ያህል ስለሚረዝም ጫፉ ወጣ ይላል፤ ብዙ አናጺ «እንጨቱ ስፋቱ አልተስተካከለም» ብሎ በካርታ ቬትራ ይፈገፍገዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ቁራጭ በአንድ በኩል ቆርጣችሁ ፈትኑ። ከዚያ በሌላው በኩል።

ጠቋሚዋን ቀስት መጨረሻ ላይ ነው የምታስተካክሉት፣ ልኩ ከተገኘ በኋላ። ቪሷን ላላ አድርጎ ዜሮ ላይ ማምጣት ነው፤ መጀመሪያ እሷን ያስተካከለ ሰው የራሱን ፊት ሳይሆን መስታወቱን አጠበ።

የዲስኩ መውረጃ ልክም አለ። ጭንቅላቱን እስከ መጨረሻው አውርዳችሁ ዲስኩን በእጅ አዙሩ፤ የገበታውን ብረት የትም ቦታ መንካት የለበትም፣ 45 ላይም ሆነ ተዘንብሎ። ተስሎ ተስሎ ያነሰ ዲስክ ደግሞ ወደ ታች ሳይደርስ ቀርቶ ከሥር ቀጭን ልጥ ይተዋል። የመውረጃዋን ብሎን ያን ጊዜ ነው የምትነኩት።

ሲቆረጥ

ጓንት አይደረግም። ክሩን ጥርስ ከያዘው እጅ ይከተላል። ነጠላና ፎጣ ከአንገት ይውረድ፣ ሰፊ እጅጌ ይጠቅለል፣ ረጅም የአንገት ማተብ ሸሚዝ ውስጥ ይግባ። መነጽርና የጆሮ መከላከያ ይደረግ። አቧራው ቀላል አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን በ1995 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ኤምዲኤፍ ስትቆርጡ ደህና ማስክ ያዙ፣ የጨርቁን ማስክ ሳይሆን።

እጃችሁ ከዲስኩ ግራም ቀኝም 15 ሳንቲም ይራቅ። እኔ በቀይ ቀለም ገበታው ላይ ሁለት መስመር አስምሬያለሁ፤ ተለማማጅ መስመሩን ካለፈ በዚያ ቀን ሰጋቱራ ይጠርጋል። እጅ አይቋለፍም፦ ቀኝ እጅ ማሽኑን ይዞ ግራው ከዲስኩ በስተቀኝ ያለውን እንጨት አይይዝም። እጅ ለማራቅ እንጨቱ ካጠረ ማሽኑ ሞርሳ አለው። እሱም ካልያዘው ከረጅሙ ቁረጡ እንጂ አጭሩን አትያዙ። ያቺን 7 ሳንቲም ዞኮሎ ከ2 ሜትሩ ጫፍ ላይ ልቆርጣት ስችል ነው ከ20 ሳንቲም ውዳቂ ልቆጥብ የሞከርኩት።

የጎበጠ ጣውላ ሲመጣ ጉብታው ወደ መደገፊያው ይሁን፤ ዲስኩ በሚያልፍበት ቦታ በእንጨቱና በመደገፊያው መካከል ክፍተት እንዳይኖር። ተገላቢጦሽ ከያዛችሁት ቆረጣው ሊያልቅ ሲል ይዘጋና ዲስኩን ይይዘዋል። ርጥብ የባህር ዛፍ ጣውላም ይህን ያደርጋል፤ ቀስ ብላችሁ ውረዱበት። ከፎርም ሥራ የተመለሰ ጣውላ ከሆነ መጀመሪያ ሚስማሩን ንቀሉ፣ ሲሚንቶውን ፈቅፍቁ።

ዲስኩ ሙሉ ዙሩን እስኪይዝ ጠብቁ፣ ድምፁ ሲረጋ አውርዱ። ሳትጭኑ፣ ሳታቆሙ። ሲጨርስ ቃታውን ልቀቁና ጭንቅላቱን እታች እንዳለ ያዙት፤ ዲስኩ ፈጽሞ ሲቆም ያኔ ይነሳ። እየዞረ ካነሳችሁት የተቆረጠውን ትንሽ ቁራጭ በጥርሱ ነክሶ ይወረውራል። ተንሸራታቹ ደግሞ ወደ እናንተ ተጎትቶ፣ ወርዶ፣ እየተገፋ ነው የሚቆርጠው፤ እየጎተቱ መቁረጥ ዲስኩ እንጨቱ ላይ ወጥቶ ወደ ሆዳችሁ እንዲሄድ መጋበዝ ነው።

አንድ ልክ ብዙ ቁራጭ ስትቆርጡ ማቆሚያ እንጨት የምታስሩት በያዛችሁት በኩል ነው። በሚወድቀው በኩል ካሰራችሁ ቁራጩ በዲስኩና በማቆሚያው መካከል ይጣበቅና እንደ ጥይት ይወጣል። ሼዱ ጣሪያ ላይ እንደዚህ የተበሳ ቆርቆሮ አለኝ፤ ክረምት ሲመጣ ያስታውሰናል።

ዲስኩ ሙጫ ሲይዝ ሞቅ ባለ ውሃና በኦሞ ዘፍዝፋችሁ በጥርስ ብሩሽ አጽዱት። ቆረጣው እየጠቆረ ከመጣ ብዙ ጊዜ የደነዘ ሳይሆን የቆሸሸ ዲስክ ነው። ካርቦኖቹንም በየጊዜው አውጥታችሁ እዩ፤ 5 ሚሊሜትር አካባቢ ሲደርሱ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ።

ልጁ ከሁለት ቀን በኋላ መልሶ ደወለ። ማሽኑ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎሜትር በአይሱዙ ጀርባ እየተንገጫገጨ ነው የሄደው፤ ከአራቱ የመደገፊያ ብሎኖች አንዱ በጣት ይዞር ነበር። አጥብቆ፣ ኤምዲኤፍ ገልብጦ ፈትኖ፣ ፎቶውን ላከልኝ። መስመሩን ለማየት ፎቶውን ማጉላት ነበረብኝ። ያን ፍሬም ግን ደንበኛው አልወሰደለትም፤ አዲስ ለመሥራት ዋንዛ እየፈለገ ነው። ደረቅ ካገኘህ ለእኔም ሁለት ጣውላ ያዝልኝ ብዬዋለሁ።